እንዴት ይሠራል? ፖም፦ ስሙ፣ የሚለቀምበት ወርና የሚገባበት ድስት

ከአንድ ፍራፍሬ ቤት መደርደሪያ ሁለት ቀይ ፖም ገዝቼ ቤት ገባሁ። አንዱን ስገምጠው ቀጭ ብሎ ተሰበረ፤ ጭማቂው እስከ አንጓዬ ወረደ። ሁለተኛው በመልኩም በክብደቱም የመጀመሪያውን ይመስላል፤ አፍ ውስጥ ግን እንደ ደረቅ በሶ ተበተነ። ልጄ አንድ ጊዜ ገምጣው "እማዬ፣ ይሄኛው ፖም አይደለም" ብላ ሳህኑ ላይ መለሰችው።

ፖምስ ፖም ነው። ልዩነቱ ግን የዕድል ጉዳይ አይደለም። አንድን ፖም ጥሩ ወይም መጥፎ የሚያደርጉት ሦስት ነገሮች ናቸው፤ ዝርያው፣ የተለቀመበት ጊዜና ከተለቀመ በኋላ የተቀመጠበት ሁኔታ። በእኛ ገበያ ፖም ውድ ፍሬ ነው፤ አንድ ኪሎ ለመግዛት የሚያስብ ሰው ብዙ ነው። ስለዚህ እነዚህን ሦስቱን ማወቅ ለኪስም ለምላስም ይጠቅማል። ጠረጴዛው ዙሪያ ተቀመጡና አንድ በአንድ እንያቸው።

አንዱ ቀጭ፣ ሌላው ዱቄት የሚለው ለምንድን ነው?

አንድ ፖም ውሃ የሞላ ሳህን ውስጥ ጣሉ፤ ይንሳፈፋል። ከመጠኑ ሩብ ያህሉ አየር ስለሆነ ነው። በክብደት ሲመዘን ደግሞ 85 በመቶ ገደማው ውሃ ነው። ውሃው የሚገኘው በዓይን በማይታዩ ሕዋሳት ውስጥ ነው፤ ሕዋሳቱን እርስ በርስ የሚያጣብቃቸው ደግሞ ፔክቲን የሚባል ሙጫ ነው።

የድንጋይ ግንብ አስቡ። ማያያዣው ጭቃ ጠንካራ ከሆነ ግንቡን በመዶሻ ስትመቱት ድንጋዩ ራሱ ይሰነጠቃል። ጭቃው ከላላ ግን ድንጋዮቹ ሳይሰበሩ እየተንሸራተቱ ይናዳሉ። የፖምም ነገር እንዲሁ ነው። ትኩስ ሳለ ሙጫው ጠንካራ ነው፤ ጥርስ ሲያርፍበት ሕዋሱ ይፈነዳል፣ ጭማቂው ይፈስሳል። ሲቆይ ሙጫው ይሟሟል፤ ያን ጊዜ ሕዋሳቱ ሳይፈነዱ ይለያያሉ። ስለዚህ ዱቄት ዱቄት የሚለው ፖም ውሃው አልደረቀም። ውሃው እዚያው ሕዋሱ ውስጥ ታሽጎ ነው ሳንቀምሰው የምንውጠው።

ይህ ሙጫ ቶሎ የሚላላባቸውም ሳይላላ ለወራት የሚቆይባቸውም ዝርያዎች አሉ። በአሜሪካ ሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ የተገኘውና እ.ኤ.አ. በ1991 ለገበሬ የተሰጠው ሆኒክሪስፕ ዝነኛ የሆነው በዚህ ነው። ሕዋሳቱ ከሌላው ፖም ይልቅ ትልልቅ ናቸው፤ ሲገመጥ በአንዴ ፈንድተው አፍ ይሞላሉ።

ዝርያው ከየት ይመጣል?

የፖም ትልቁ ምሥጢር ዘሩ ላይ ነው። ከወደዳችሁት ፖም ዘር አውጥታችሁ ብትተክሉ የሚበቅለው ዛፍ የወደዳችሁትን ፖም አይሰጣችሁም። አንድ ፖም ውስጥ ያሉት ዘሮች እንደ አንድ ቤት ልጆች ናቸው፤ ሁሉም ከእናትና ከአባት ይወርሳሉ፣ አንዱ ግን ሌላውን አይደግምም። አብዛኞቹ የዘር ልጆች ትንንሽ፣ ኮምጣጣና መራራ ፍሬ ያፈራሉ። ከስንት ሺህ አንዱ ነው ለገበያ የሚበቃው።

ታዲያ ያ አንዱ ሲገኝ እንዴት ይባዛል? ከዛፉ ቀንበጥ ተቆርጦ በሌላ የፖም ግንድ ላይ ይጣበቃል። ባለሙያዎቹ ግራፍቲንግ ይሉታል። የታችኛው ግንድ ሥሩንና የዛፉን ቁመት ይወስናል፤ የላይኛው ቀንበጥ ፍሬውን ይሰጣል። ስለዚህ በዓለም ላይ ያለ ማንኛውም ግራኒ ስሚዝ ከአንድ ዛፍ እየተቆረጠ የተሰራጨ ነው። ያ ዛፍ እ.ኤ.አ. በ1868 ገደማ በአውስትራሊያ፣ በሲድኒ አጠገብ በምትኖር ማሪያ አን ስሚዝ የምትባል አሮጊት ግቢ ውስጥ ሳይታሰብ የበቀለ ነበር። እሷ ከሁለት ዓመት በኋላ ሞተች፤ የዛፏ ቀንበጥ ግን አገር ላገር እየዞረ ዛሬም ያፈራል። "ግራኒ" ማለት አያት ማለት ነውና ስሙም የአያት ስሚዝ ፖም ነው።

ሌሎቹም የየራሳቸው የትውልድ መንደር አላቸው። ቢጫው ጎልደን ደሊሸስ በአሜሪካ ዌስት ቨርጂኒያ እርሻ ውስጥ ራሱን ችሎ በቅሎ የተገኘ ነው። ጋላ የኒውዚላንድ ነው፤ ጎልደን ደሊሸስ አንደኛው ወላጁ ነው። ፉጂ በጃፓን አዖሞሪ አውራጃ ሬድ ደሊሸስን ከሌላ የቆየ የአሜሪካ ዝርያ ጋር በማዳቀል ተገኝቶ እ.ኤ.አ. በ1962 ስም ወጣለት። የሁሉም የጥንት አያት ግን በመካከለኛው እስያ፣ በቲየን ሻን ተራሮች የሚበቅለው የዱር ፖም ነው። በዚያ ያለችው የካዛኪስታን ትልቅ ከተማ አልማቲ እስከ ዛሬ ስሟ ከፖም ጋር ተያይዞ ይነሳል።

በጨንቻ ብርድ

ፖም ለአገራችን እንግዳ ፍሬ ነው። ግዕዙ ኮል የሚል ስም አለው፤ የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ተርጓሚዎች ግን አንባቢያቸው በሚያውቀው ዱር በቀል ፍሬ ተክተው እንኮይ ብለውታል። ፖሙ ራሱ ወደ ገበሬው ማሳ የገባው በቅርብ ነው፤ ስሙን የተከለው ደግሞ በጨንቻ ነው። ጨንቻ ከአርባ ምንጭ በስተ ሰሜን 37 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ በጋሞ ደጋ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ሚስዮናውያን ያመጡት ዛፍ እዚያ ብርዱን ወደደው፤ ገበሬው ማጣበቁን ተማረ፤ ዛሬ ፍሬውም ችግኙም የቤተሰብ ገቢ ነው።

ፖም ብርድ የሚወደው ለምንድን ነው? ዛፉ ቅጠሉን አራግፎ ይተኛል። ለመንቃት ደግሞ ቀዝቃዛ ሰዓቶችን ይቆጥራል፤ ከ7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች የሆነ ሰዓት ማለት ነው። ብዙዎቹ የሰሜን አገር ዝርያዎች 1,000 ሰዓት ገደማ ካልበረዳቸው ክረምቱ አላለፈም ብለው ይጠብቃሉ፤ አበባቸው ይሳሳል፣ ቅጠላቸውም እኩል አይወጣም። የእኛ ደጋ ብርዱ ሌሊት ሌሊት ነው እንጂ ወራት ሙሉ የሚዘልቅ በረዶ የለውም። ለዚህ መፍትሔ የሆኑት ጥቂት ብርድ የሚበቃቸው ዝርያዎች ናቸው። አና የሚባለው በእስራኤል፣ በኤን ሼመር ኪቡትዝ አባ ስታይን በተባለ አዳቃይ የተገኘ ሲሆን ከ200 እስከ 300 ሰዓት ብርድ ይበቃዋል። ዶርሴት ጎልደን ደግሞ የተገኘው በሞቃታማዋ ባሃማስ ነው። ሁለቱም በጨንቻ ይታወቃሉ፤ ጎን ለጎን መተከላቸውም ምክንያት አለው። ፖም በራሱ አበባ ብናኝ ብቻ ደህና አያፈራም፤ ንቧ ከሌላ ዝርያ ብናኝ ልታመጣለት ይገባል። አና እና ዶርሴት ጎልደን በአንድ ጊዜ ስለሚያብቡ ጥሩ ጎረቤቶች ናቸው። አንድ የፖም ችግኝ ብቻ ገዝቶ ግቢው ተክሎ "አበባ እንጂ ፍሬ የለውም" የሚል ሰው ካለ መልሱ ብዙ ጊዜ ይኸው ነው፤ ጎረቤት አጥቷል።

መቼ ይለቀማል?

በሰሜኑ የዓለም ክፍል የፖም አዝመራ ከነሐሴ እስከ ኅዳር መግቢያ ይዘልቃል፤ ሁሉም ዝርያ ግን በአንድ ቀን አይደርስም። ጋላ ቀዳሚ ነው፤ ካበበ በ4 ወር ገደማ፣ በነሐሴ አጋማሽ መለቀም ይጀምራል። ሆኒክሪስፕና ማኪንቶሽ እንቁጣጣሽን ተከትለው ይመጣሉ። ጎልደን ደሊሸስና ሬድ ደሊሸስ በመስከረም ይለቀማሉ። ግራኒ ስሚዝና ፉጂ ጥቅምትን ይጠብቃሉ። ፒንክ ሌዲ ከሁሉም ዘግይቶ፣ ካበበ ከ6 ወር በላይ ቆይቶ፣ በጥቅምት መጨረሻና በኅዳር መግቢያ ይደርሳል። በአሜሪካ ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ያላችሁ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ለለቀማ ወደ ሼናንዶዋ ሸለቆ ስትወጡ የምታገኙት ዝርያ በየሳምንቱ የሚለያየው በዚህ ምክንያት ነው።

በደቡብ አፍሪካ፣ በቺሊና በኒውዚላንድ ወቅቱ የተገላቢጦሽ ነው፤ ጋላ በየካቲት፣ ፒንክ ሌዲ በሚያዝያ ይለቀማል። ይህን ያወቀ ሰው ሲገዛ አይቸገርም። በመስከረምና በጥቅምት ከሰሜን አገሮች የመጣው ፖም አዲስ ነው፤ በሚያዝያና በግንቦት ግን አዲሱ የደቡቡ ነው፤ የሰሜኑ ስድስት ወር በመጋዘን ከርሟል።

በምድር ወገብ አካባቢ፣ እንደኛ ባለ አገር፣ ወቅቱን ሰውም ሊያዘው ይችላል። በኢንዶኔዥያ ጃቫ ደሴት፣ በባቱ ከተማ ዙሪያ ገበሬዎች ከለቀማ በኋላ ቅጠሉን በእጃቸው ያራግፉታል። ዛፉ ክረምት አልፎ የነቃ ይመስለውና እንደገና ያብባል፤ በዓመት ሁለት ጊዜም ያፈራል።

ገበሬው መድረሱን የሚያውቀው በቀይነቱ ብቻ አይደለም። ቀዩ ቀለም ፀሐይና ቀዝቃዛ ሌሊት የሚያመጡት ነው፤ ሳይበስል የሚቀላ ዝርያ አለ። ሬድ ደሊሸስ በዚህ ተጎድቷል። ይበልጥ የሚቀላው ቅርንጫፍ እየተመረጠ ሲባዛ ዓመታት አለፉ፤ ቀለሙ ጨመረ፣ ጣዕሙ ግን ወደ ኋላ ቀረ። የሚያዋጣው ምልክት ቀዩ ሥር ያለው መደብ ነው፤ ከአረንጓዴ ወደ ቢጫ ሲያደላ ደርሷል። ፍሬውን ወደ ላይ ቀና አድርጎ ዞር ሲያደርጉት እንቢ ካላለ እሱም ምልክት ነው። መጎተት ግን ነውር ነው፤ ፍሬው የተቀመጠበት አጭር ቅርንጫፍ አብሮ ከተነቀለ የከርሞው ፍሬ አብሮ ሄደ።

አንድ ሙከራ በራሳችሁ ጠረጴዛ ላይ አድርጉ። ፖሙን በአግድም ለሁለት ቁረጡት፤ መካከሉ ላይ ባለ አምስት ጫፍ ኮከብ ይታያል። ከፋርማሲ የተገዛ የቁስል አዮዲን ቀቡት። ስታርች ያለበት ቦታ ወደ ጥቁር ሰማያዊ ይለወጣል። ጥሬ ፖም ሙሉ በሙሉ ይጠቁራል። እየበሰለ ሲሄድ ስታርቹ ወደ ስኳር ስለሚለወጥ ከእምብርቱ ጀምሮ ወደ ልጣጩ ይነጣል። አምራቾች የለቀማ ቀን የሚቆርጡት በዚሁ ዘዴ ነው፤ ለረጅም ጊዜ የሚቀመጠውን ትንሽ ስታርች ሲቀረው፣ ለቶሎ ገበያ የሚሆነውን ሲነጣ ይለቅሙታል። አዮዲን የነካውን ፖም ግን አትብሉት።

ከተለቀመ በኋላ

ፖም ከዛፉ ወርዶም ይተነፍሳል። ሲተነፍስ ኢቲሊን የሚባል ጋዝ ያወጣል፤ ይህ ጋዝ ደግሞ ፖሙን ራሱን "ብሰል" ብሎ ያዘዋል። የበሰለው ብዙ ጋዝ ያወጣል፣ ጋዙ ጎረቤቱን ያበስላል፣ እንዲህ እየተባለ ሣጥኑ በሙሉ ይሄዳል። ስለዚህ የተመታውን ወይም የበሰበሰውን ዛሬውኑ አውጡት።

ፖምን ወራት የሚያቆየው ይህን ትንፋሽ ማዝገም ነው። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ፍራንክሊን ኪድና ሲሪል ዌስት የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በእንግሊዝ አገር፣ በካምብሪጅ መንገዱን አገኙት። መጋዘኑን ማቀዝቀዝ ብቻ ሳይሆን ኦክስጅኑንም መቀነስ ነው። የምንተነፍሰው አየር 21 በመቶ ኦክስጅን አለው፤ ዛሬ በትልልቅ የፖም መጋዘኖች ውስጥ ከ1 እስከ 3 በመቶ ብቻ ነው የሚተወው። ሙቀቱ ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ሆኖ ፖሙ እንቅልፍ ላይ ይከርማል። ዱባይም ሆነ ሪያድ ዓመቱን ሙሉ ፖም የማይጠፋው በዚህና በሁለቱ የዓለም ክፍሎች አዝመራ መፈራረቅ ነው።

ሁሉም ዝርያ ግን እኩል አይከርምም። ዘግይተው የሚደርሱት ፉጂ፣ ግራኒ ስሚዝና ፒንክ ሌዲ ወራትን ይችላሉ። እንደ አና እና ዶርሴት ጎልደን ያሉት ቶሎ ደራሾች በሳምንታት ውስጥ መበላት አለባቸው። ስለዚህ የጨንቻ አና ስታገኙ ለጌጥ ሳህን ላይ አትደርድሩት፤ ወይ ብሉት ወይ ፍሪጅ አስገቡት። ክፍል ውስጥ የዋለ ፖም ፍሪጅ ውስጥ ካለው በብዙ እጥፍ ፈጥኖ ይላላል። ካሮት አጠገብ ግን አታስቀምጡት፤ ኢቲሊኑ ካሮቱን ያመርረዋል። ያው ጋዝ ለሌላ ነገር ይጠቅማል፤ ድንጋይ የሆነ አቮካዶ ገዝታችሁ ከሆነ ከአንድ ፖም ጋር በወረቀት ከረጢት ቋጥራችሁ አስቀምጡት፣ በጥቂት ቀን ይበስላል።

የቱ ለምን?

ለጥሬ የሚበላ፦ ጋላ፣ ፉጂ፣ ሆኒክሪስፕና አና። ጋላ ለስላሳና ጣፋጭ ስለሆነ ለልጆች ይሆናል። ፉጂ ከሁሉም ይጣፍጣል። አና ጣፋጭነትን ከትንሽ ኮምጣጣነት ጋር ይዟል። ሬድ ደሊሸስም ለጥሬ ነው፤ እሳት ላይ ሲወጣ ቅርጹም ጣዕሙም ይጠፋል።

ለኬክና ለፓይ፦ እሳት የማይንደው ያስፈልጋል። ግራኒ ስሚዝ ቅርጹን ይይዛል፤ ኮምጣጣነቱም ስኳሩን ያመዛዝነዋል። ጎልደን ደሊሸስም አይናድም፤ ጣፋጭ ስለሆነ ስኳር መቀነስ ይቻላል። ሁለቱን ግማሽ በግማሽ ቀላቅሎ ቀረፋ መነስነስ የተሻለ ነው።

ለገንፎ መሰል ፍትፍት፦ ማኪንቶሽ፣ የእንግሊዞቹም ብራምሊ። ጥቂት ውሃ ጠብ ተደርጎባቸው ድስት ውስጥ ሲገቡ ራሳቸው ይፈርሳሉ። እዚህ የማይገኙ ከሆነ የላላውን፣ ያንን ልጄ የመለሰችውን ዓይነት ፖም ተጠቀሙ፤ ሙጫው አስቀድሞ ስለሟሟ ቶሎ ይፈጫል። ለሕፃን ምግብ ይሆናል። ለጾም ኬክ ደግሞ ባለሙያ ነው፤ በአንድ እንቁላል ምትክ ሩብ ኩባያ የተፈጨ ፖም ሊጡን እርጥብ አድርጎ ያያይዘዋል።

ለማርማላታ፦ ኮምጣጣና ትንሽ ጥሬነት ያለው ይመረጣል። ማርማላታን የሚያረጋው ፔክቲን ከሥጋው ይልቅ ልጣጩና እምብርቱ ላይ ይበዛል። የእንጆሪ ማርማላታ አልረጋ ያላት ሴት የአንድ ግራኒ ስሚዝ ልጣጭና እምብርት በንጹሕ ጨርቅ ቋጥራ አብራ ታፍላና ታውጣው።

ለሰላጣ፦ ግራኒ ስሚዝ ወይም ሆኒክሪስፕ። የተቆረጠ ፖም የሚጠቁረው ሕዋሱ ሲቀደድ አንድ ኢንዛይም ከአየሩ ኦክስጅን ጋር ስለሚሠራ ነው። ሎሚ ጠብ አድርጉበት፤ ኮምጣጣው ኢንዛይሙን ያደክመዋል።

ተለጣፊዋን አንብቡ

ከውጭ የመጣ ፖም ላይ ያለችው ትንሽ ተለጣፊ ከንቱ አይደለችም። አራት ቁጥር ይዛለች፤ ብዙ ጊዜም የመጣበት አገር አብሮ አለ። ትልልቁ ግራኒ ስሚዝ 4017፣ ፉጂ 4131፣ ጋላ 4135፣ ሬድ ደሊሸስ 4016፣ ጎልደን ደሊሸስ 4020 ነው። ፊቱ 9 ተጨምሮ አምስት ቁጥር ከሆነ ያለ ሰው ሠራሽ ማዳበሪያና መድኃኒት የበቀለ ነው ማለት ነው። የጨንቻው ተለጣፊ ላይኖረው ይችላል፤ ሻጩን መጠየቅ ይበቃል።

ጤፍ ስንገዛ ነጩን፣ ሰርገኛውን፣ ማኛውን ለይተን እንጠይቃለን። ቡና ስንገዛ የይርጋ ጨፌ ነው ወይስ የሐረር እንላለን። ፖም ስንገዛ ግን "ቀዩን ስጠኝ" ብለን እንመለሳለን። ከእንግዲህ ከመግዛታችሁ በፊት ሦስቱን ጠይቁ፤ ስሙ ማነው፣ መቼ ተለቀመ፣ እኔስ ምን ልሠራበት ነው? ገዢው ሲጠይቅ ሻጩም ለይቶ ማስቀመጥ ይጀምራል፤ በደጋ ላይ ችግኝ የሚያጣብቀው ገበሬም የትኛው ዝርያ እንደሚፈለግ ያውቃል።